መቃብር ያለው ሙሽራ

«እማ፣ አባዬ ያለው መቃብሩ ውስጥ ነው ወይስ ሐይቁ ውስጥ?»

ልጄ አዊኖ ይህን ስትጠይቀኝ ፀሐይ ላይ የተሰጣውን ኦሜና እየሰበሰብኩ ነበር። እነዚያ ጣት የማያክሉ ዓሦች ከእጄ ረገፉ። ቀና ብዬ አየኋት። አልቀለደችም።

ጥያቄው ድንገት የመጣ አልነበረም። የመጣው ከሥራ ልምምድ ነው፤ ደመወዝ ካለውና ደመወዝ ከሌለው። ከዚያ ልጀምር።

አዊኖ ኪሱሙ ከተማ፣ ኮሌጅ ውስጥ የዓሣ ሀብት ትማር ነበር። ተማሪዎቹ አንድ ወቅት ሥራ ቦታ ሄደው እንዲለማመዱ ሲታዘዙ እሷን ሁለት ቦታ ተቀበሏት። አንደኛው ከተማ ውስጥ ያለ የዓሣ ፋብሪካ ነው። ደመወዝ ይከፍላል፣ ምሳ ያበላል፣ ነጭ ቦቲ ጫማ ይሰጣል። ሁለተኛው ከመንደራችን ብዙም በማይርቀው በኮዌሬ ድንጋያማ ዳርቻ ያለ የሐይቅ ጥናት ጣቢያ ነው። እዚያ የሚከፈል ነገር የለም። ምሳም ከቤት ቋጥሮ መሄድ ነው። በዚያ ላይ ሥራው ታንኳ ላይ ነው።

«ታንኳ» ስትል የቀረውን አልሰማሁም።

ባለቤቴን ኦቡራን ሐይቁ ወስዶታል። አዊኖ ገና ድክ ድክ ትል ነበር። ታንኳው ተገኘ፣ መረቡ ተገኘ፣ እሱ ግን አልተገኘም። በእኛ በሉዎ ሰዎች ዘንድ ሐይቅ የወሰደው ሰው ካልተመለሰ መቃብሩ ባዶ አይቀርም። ያጎ የሚባል ዛፍ አለ፤ ፍሬው የሰው ክንድ ያህል ረዝሞና ከብዶ፣ ገመድ ከመሰለ ቅርንጫፍ ላይ ይንጠለጠላል። ያንን ፍሬ ቆርጠው፣ በኦቡራ ሸሚዝ ጠቅልለው፣ በስሙ አልቅሰው ግቢያችን ውስጥ ቀበሩት። እኔም በስሙ አለቀስኩ።

ዝናብ ሲመጣ ከመቃብሩ ላይ ችግኝ ወጣ። ፍሬ ነውና በቀለ። ቁረጡት የሚል አልተገኘም፤ ውሃ አጠጡት የሚልም አልተገኘም። አሁን ከቤቴ ጣሪያ በላይ ነው። አበባው አመሻሽ ላይ ይፈካል፣ ቀለሙ እንደ ጉበት ነው፤ ጠዋት መሬት ወድቆ አገኘዋለሁ። ንፋስ ሲነፍስ ፍሬዎቹ እርስ በርስ ይጋጫሉ። ሰው በር የሚያንኳኳ ይመስላል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ተነስቼ እከፍት ነበር።

እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ ነው እንግዲህ ልጄ መጥታ «ታንኳ» ያለችኝ።

«ፋብሪካው ይሻላል» አልኳት።

«ፋብሪካ ምን ያስተምረኛል፣ እማ? ቅርፊት መፋቁን ካንቺ ተምሬ ጨርሻለሁ።»

«የሚከፍልሽ ሰው ስምሽን ያውቃል። በነጻ የሚያሠራሽ ‹አንቺ ልጅ› ነው የሚልሽ።»

«ጣቢያው ግን ሐይቁን ነው የሚያጠናው። ኮዌሬ ላይ ታንኳ ለምን እንደሚገለበጥ።»

«ለዚህ ጥናት ምን ያስፈልገዋል? ርቦት ነው።»

ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። የሁለቱንም ቦታ ወረቀት ያነበበችልኝ እሷ ናት፤ እኔ ያኔ ማንበብ አልችልም ነበር። የጣቢያውን ስታነብ ድምጿ እንደተለወጠ ግን ማንበብ ሳልችልም ሰምቻለሁ።

ውሳኔዋን ለኮሌጁ ልትናገር በሄደችበት ጠዋት ማታቱ በምንለው ሚኒባስ ውስጥ አንድ ወጣት አጠገቧ ተቀመጠ። ይህን ያጫወተችኝ ራሷ ናት፤ ደጋግማ፣ እየሳቀች። ወጣቱ ጭኑ ላይ ሰፊ ክብ ብረት ይዟል፤ አራት ቦታ ተከፍሎ ጥቁርና ነጭ የተቀባ። ማታቱው ሲዘል ጠርዙ ጎኗን ወጋት።

«ወንድሜ፣ ሰሃንህን ሰብስብ።»

«ሰሃን አይደለም።»

«ታዲያ ምሳህን በምን ልትበላ ነው?»

«ምሳ የት አለና! ያለ ደመወዝ እኮ ነው የምሠራው።»

ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ። ረዳቱ ከበሩ ዞሮ «ደመወዝ የሌለው ቆሞ ይሂድ!» አለ። ልጁ እውነት መስሎት ሊነሳ ሲል አዊኖ እጅጌውን ይዛ አስቀመጠችው። ከዚያ በኋላ እጅጌውን መቼ እንደለቀቀች አታስታውስም።

ኦቾላ ይባላል። በእኛ ዘንድ ኦቾላ የሚባለው ከአባቱ ሞት በኋላ የተወለደ ልጅ ነው። እሷ ደግሞ አዊኖ የተባለችው እትብቷ አንገቷ ላይ ተጠምጥሞ ስለተወለደች ነው።

«እንግዲህ ሁለታችንንም ሞት ከእናታችን ሆድ ጀምሮ ያውቀናል» አላት፣ እንደ ቀልድ።

ኮዌሬ ጣቢያ ያለ ደመወዝ የሚለማመደው እሱ ኖሯል። ብረቱን በገመድ አስሮ ከታንኳ ላይ ወደ ውሃው ያወርደዋል። ነጩ ከዓይን ሲጠፋ ገመዱን ይለካል፤ የውሃው ጥራት በዚያ ይታወቃል።

«ከጠፋ በኋላስ?» አለችው።

«ቀስ ብዬ እስበዋለሁ። ተመልሶ ይታያል።»

«ሁልጊዜ?»

ኦቾላ በመስኮቱ ወደ ውጭ አየ። «አንድ ቦታ አለ» አላት፣ «ገመዱን የሚይዝብኝ።»

ማታቱው ኪሱሙ ደረሰ። ሲወርዱ «ነይ ወደኛ» አላት። «ለሁለት ሰው የሚበቃ የማይከፈል ሥራ አለ።»

«እናቴ እንቅልፍ ታጣለች» አለችው። ሄዳም ፋብሪካውን መረጠች።

እኔ ተኛሁ። እሷ ግን ከፋብሪካው ስትመለስ ፊቷ የሌላ ሰው እየሆነ መጣ። ሁሉም እዚያ ነጭ ይለብሳል፣ አፉን ይሸፍናል፣ ማን ማን እንደሆነ አይለይም። «ሬሳ የምንገንዝ ነው የምንመስለው» አለችኝ። ዓሦቹ ዓይናቸውን እንደገለጡ በፊቷ ያልፋሉ። የእሷ ሥራ አንድ ቦታ በቢላ መሰንጠቅ ነው፤ ከሰነጠቀች ሌላው ይመጣል። ሐይቁ ከመስኮቱ ባሻገር አለ፤ መስኮቱ ግን በነጭ ቀለም ተቀብቷል። ደመወዟን ለእኔ ትሰጠኛለች። አመሰግናታለሁ። ለቤቱም ይጠቅም ነበር፣ አልዋሽም።

እሁድ እሁድ ኦቾላ ወደ ቤታችን መምጣት ጀመረ። መጀመሪያ የመጣ ዕለት ጥላ ፍለጋ ሄዶ ያጎው ሥር ተቀመጠ። እዚያ የሚቀመጥ ሰው አልነበረም።

«ልጄ፣ ከዚያ ተነስ» አልኩት።

«ይቅርታ፣ እናቴ። ማን አርፎበት ነው?»

«የአዊኖ አባት።»

ብድግ አለ። ልብሱን አራግፎ ወደ መቃብሩ ዞሮ እጅ ነሣ። «እንደምን ዋሉ፣ አባቴ? ሳላስፈቅድ ተቀምጬ ነው።»

ያን ጊዜ ነፋስ ሳይኖር አንድ ፍሬ ከላይ ወርዶ እግሩ አጠገብ ዱብ አለ። መሬቱ ተሰነጠቀ።

አዊኖ ሳቀች። «ፈቅዶልሃል!»

እኔ ግን አስጠንቅቆታል ብዬ ነበር የገባኝ። ምግብ አቅርቤላቸው ሲበሉ እንኳ ዓይኔ ከዛፉ አልተነሳም።

አንድ እሁድ ደግሞ ሐይቁ ዳር አብሬያቸው ወረድኩ። ከዳር እንዳይርቁ አስምዬያቸው፣ በታንኳ ትንሽ ገባ አሉ። እኔ ድንጋይ ላይ ቆሜ አያለሁ። ብረቱን ሲያወርድ ሁለቱም ከታንኳው ጎን አጎነበሱ። ግንባራቸው ሊነካካ ምንም አልቀረውም። ውሃው ላይ አንድ ድምፅ አልነበረም።

«ጠፋ» አለች አዊኖ።

«ገና ነው።»

«ጠፋ እኮ!»

«ላንቺ ነው የጠፋው። ለእኔ ገና ይታየኛል።»

ልጄ ቀና ስትል እሱ ውሃውን አልነበረም የሚያየው፤ እሷን ነበር። እንደተያዩ ቀሩ። ገመዱ ከእጁ እየሾለከ ወደ ታች ይሄዳል፤ ማንም አላስተዋለውም። እኔ ነኝ ከዳር «ገመዱ!» ብዬ የጮህኩት።

ከዚያ የሆነው ሆነ። አንድ የሥራ ቀን ከሰዓት በኋላ ድንገተኛ ነፋስ ተነሳ። ኦቾላና ሽማግሌው ታንኳ ቀዛፊ ኦጉቱ ኮዌሬ ላይ ነበሩ። ታንኳው ተገልብጦ ተመለሰ፤ ብረቱ በገመዱ ታስሮ ከሥሩ ተንጠልጥሏል። የኦጉቱን ሬሳ ደንገል ውስጥ አገኙት። ኦቾላ አልተገኘም። ሴቶች ዳር ቆመን ስሙን ጠራን። አዊኖ ከፋብሪካ እንደወጣች፣ ነጭ ልብሷንና ነጭ ቦቲዋን እንዳደረገች መጣች። ውሃው ውስጥ እስከ ወገቧ ገብታ ቆመች እንጂ አልጠራችውም።

«ጥሪው እንጂ፣ ልጄ» አልኳት።

«ይሰማኛል፣ እማ። የማይመልሰው ሩቅ ስለሆነ ነው።»

አሳ አጥማጆቹ ፈልገው ፈልገው ተዉት። ያን ሰሞን የኦቾላ እናት ሕልም አየች። ልጇ ውሃ እየተንጠባጠበ በሯ ላይ ቆሞ «እማ፣ በረደኝ፤ ቤት ስጪኝ» ይላታል። አንድ ጊዜ ብቻ አይደለም፤ እየተመላለሰ። ሙት በሕልም መጥቶ ቤት ሲጠይቅ እኛ ጋ ማሰንበት የለም። ቀብረው ሊያሳርፉት ቆረጡ። በአካባቢው ደግሞ ያን ሰሞን ያፈራ ያጎ የእኔ ብቻ ነበር።

የባለቤቴ ወንድም ኦንዲቲ ሰዎቹን ይዞ ገጀራውን ትከሻው ላይ አድርጎ መጣ። እምቢ ማለት አልቻልኩም። አዊኖ ከዛፉ ግንድ ተደግፋ ቆመች።

«አትቁረጡት። አልሞተም።»

«የወንድሜ ልጅ» አላት ኦንዲቲ፣ «ሐይቅ የወሰደውን መቼ ሲመልስ አየሽ? ዞር በይ።»

«አባዬን ስትቀብሩትም እንዲህ ቸኩላችሁ ነበር?»

ከባሌ መቃብር ላይ የበቀለውን ፍሬ ቆርጠው፣ የኦቾላን ሸሚዝ አልብሰው፣ ወስደው ቀበሩት። አዊኖ ቀብሩ ላይ አላለቀሰችም። አፈር እንድትጥል እጇን ሲይዟት «እኔ የማውቀው ኦቾላ ይህ አይደለም» ብላ እጇን ነጠቀች። ሴቶቹ ፊታቸውን አዞሩባት።

ከቀብሩ ማግስት ነው እንግዲህ ኦሜና ስሰበስብ የመጣችብኝ።

«ፋብሪካውን ልተው ነው» አለችኝ። «ጣቢያው የኦቾላን ቦታ የሚሸፍን ሰው ይፈልጋል።»

«ደመወዙን ትተሽ?»

«ትቼ።»

«እሱን የበላው ውሃ ላይ? እኔ ሁለተኛ ፍሬ ላልብስ?»

ያኔ ነው የጠየቀችኝ። «እማ፣ አባዬ ያለው መቃብሩ ውስጥ ነው ወይስ ሐይቁ ውስጥ?» የረገፉትን ዓሦች ስለቅም ቀጠለች። «መቃብሩ ውስጥ ከሆነ ሐይቁን ምን አስፈራሽ? ሐይቁ ውስጥ ከሆነ ደግሞ ከዚህ ዛፍ ሥር ማንን ነው የምትጠብቂው?»

አልከለከልኳትም። የሚከለክል መልስ ያለው ሰው ነው።

ምሳዋን ቋጥሬ ሰጠኋት። በየቀኑ ዳር ወርጄ ድንጋዩ ላይ እቆማለሁ፤ ታንኳው ሲርቅ በእጄ ዓይኔን ከልዬ አያለሁ፣ ሲመለስ ወደ ቤት እሮጣለሁ፣ የቆምኩ እንዳይመስላት። ታውቅ ነበር። አንድ ቀን «እማ፣ ነገ ድንጋዩ ላይ የምትቀመጪበት ነገር ይዘሽ ውረጂ» አለችኝ።

አንድ ጭጋጋማ ጠዋት ታንኳው ከዓይኔ ጠፋ። ድምፃቸው ግን በውሃው ላይ ይመጣል፤ ጭጋግ ድምፅ ያቀርባል። ብረቱን ስታወርድ ሰማሁ። ከዚያ አዲሱ ቀዛፊ ጮኸ።

«ያዘው! ቁረጪው፣ ገመዱን ቁረጪው!»

ታንኳው አዘነበለ መሰለኝ፣ ውሃው ሲንቦጫረቅ ተሰማኝ። የምይዘው አጥቼ የራሴን ቀሚስ ጨበጥኩ። የልጄ ድምፅ ግን እንደ ወትሮው ነበር፤ ጎረቤት ጨው ስትጠይቅ የሚኖራትን ድምፅ ይመስል ነበር።

«ኦቾላ ከሆንክ ያዘኝ» አለች ወደ ውሃው። «ካልሆንክ ልቀቀኝ።»

ከዚያ ታንኳው ቀና ሲል፣ እንጨቱ ሲንቋቋ ሰማሁ።

ከጭጋጉ ስትወጣ ፈገግ ብላ ነበር። ፈገግታዋ ከጩኸቱ ይልቅ አስፈራኝ።

«እዚያ የለም» አለችኝ።

«ማን?»

«ኦቾላ። ጠየቅኩ፤ ለቀቀኝ።»

ገመዱን የሚይዘው ቦታ ሁለት የውሃ ፍሰት ከሥር የሚገናኙበት እንደሆነ ጣቢያው በኋላ በእሷ ልኬት ነው ያወቀው። ዛሬ እዚያ ቀይ ባንዲራ ተተክሏል፤ ታንኳ አይቀርበውም። እሷ ግን ያን ቀን ፍሰት አላለችም። እኔም አላልኩም።

ዝናቡ ካለፈ በኋላ፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ ከማዶ መንደር የድስት ድብደባ ተሰማ። ንያዋዋ እያለፉ ነው ማለት ነው፤ ከሐይቁ የሚነሱ መንፈሶች። ሲያልፉ ሰው ሁሉ ድስቱንና ቆርቆሮውን ይደበድባል፣ ወደ ቤት ሳይገቡ እንዲያልፉ። አንዱ መንደር ሲያበቃ የሚቀጥለው ይቀበላል። ድምፁ መጀመሪያ ከኦቾላ ሰፈር ነበር። ከዚያ ከኮረብታው ላይ። ከዚያ ከወንዙ ወዲህ። ወደኛ እየመጣ ነበር።

ጎረቤቴ ጀመረች። እኔም ድስቴን አንስቼ በማማሰያ መደብደብ ጀመርኩ።

ከቅንጭብ አጥሩ ውጭ፣ ያጎው ባለበት በኩል፣ ሰው ቆመ። ከስቷል። የሌላ ሰው ካፖርት ለብሷል። ወደ ግቢው በር አልሄደም።

«የአዊኖ እናት» አለ፣ «ይብቃዎት። ድስቱን አጎደጎዱት እኮ።»

ማማሰያው ከእጄ ወደቀ። የኦቾላ ድምፅ ነበር። ድምፅን ግን መንፈስም ያውቅበታል ይባላል። ጥላ እንዳለው አየሁ። ጥላው ረጅም ነበር፤ በአጥሩ ላይ አልፎ የኦቡራ መቃብር ላይ ደርሷል። ይህም አላጽናናኝም።

አዊኖ ከጣቢያ ስትመለስ ከኋላው በመንገዱ መጣች። አየችው። ምሳ የቋጠረችበትን ጨርቅ ይዛ ባለችበት ቆመች። እሱም ዞረ። ጎረቤቶች ይደበድባሉ፣ እነሱ ዝም ብለው ይተያያሉ። ያን ያህል ዝምታ በዚያ ሁሉ ጫጫታ መካከል አይቼ አላውቅም።

«ጠፋህ» አለችው መጨረሻ ላይ።

«ለእነሱ ነው የጠፋሁት» አላት።

ሄዳ እጅጌውን ያዘችው። ያን ማታቱ ውስጥ የያዘችውን እጅጌ ማለቴ ነው፤ ልብሱ ሌላ ቢሆንም ክንዱ ያው ነው።

በአጥሩ ላይ ኡጋሊ የምንለውን የበቆሎ ገንፎና ዓሣ አቀበልኩት። እጄን ቶሎ ሰበሰብኩ። እሱ ቆሞ በላ፤ አጥንቱን እየለየ ተፋ። «አዩ?» አለኝ። «ሙት ሰው አጥንት አይተፋም። ይውጠዋል።» አዊኖ ሳቀች። እኔም ሳላውቅ ሳቅሁ፣ ከዚያ ማልቀስ ጀመርኩ።

የሆነውን ነገረን። ማዕበሉ ሲመታቸው ባዶ ጀሪካን አቅፎ ተወሰደ። የወዲያኛው አገር ዓሣ አጥማጆች ደሴት ላይ አወጡት። ትኩሳት ያዘው። «‹እማ፣ በረደኝ፣ ቤት ስጪኝ› እያልክ ነበር የምትጮኸው አሉኝ» አለ። ያን ሲል እኔና አዊኖ ተያየን። ሲድን ደግሞ ያለ ወረቀት ድንበር ተሻግረሃል ብለው አሰሩት። ሲለቁት ወደ ቤቱ መጣ። እናቱ አየችውና ወደቀች። ጎጆው እንደ ሙት ሰው ጎጆ ጣሪያው ተነስቷል። ከግራ በኩል መቃብር አለ።

«ችግኝ በቅሎበታል» አለ። «ሁለት ቅጠል አለው። ማን ነው ብዬ ጠየቅሁ። አንተ ነህ አሉኝ።»

ሽማግሌዎች ተቀመጡ። ክፋት አልነበረባቸውም፤ ግራ ገብቷቸው ነበር። መሬት አንዴ የተቀበለችው ሰው በግቢ በር አይገባም፣ በዚያ መሬት ቤት አይሠራም፣ ሚስት አያገባም አሉ። መኖር ይችላል፣ ሌላ ቦታ። አዊኖ እሱን እንደምትፈልግ ስትናገር ኦንዲቲ እጁን አጨበጨበ።

«ከመቃብር የጥሎሽ ከብት ነድቶ የመጣ አማች እስከ ዛሬ አላየንም!»

ሰው ከእሱ ጋር ታንኳ መሳፈር እምቢ አለ። በጣቢያው የጀልባ ማኖሪያ ውስጥ ብቻውን ያድር ነበር። የጣቢያው ኃላፊ አዝኖለት በሰሜን፣ ቱርካና ሐይቅ ዳር ያለ ጣቢያ ቦታ አገኘለት፤ መቃብር እንዳለው ማንም የማያውቅበት አገር። ለአዊኖም ቦታ አለ አለ። ክፍያ ግን እዚያም ለጊዜው የለም፤ የሚበሉትና የሚያድሩበት ብቻ። በዚያው ሰሞን ፋብሪካው አዊኖን ጠራት፤ በቋሚነት፣ ከበፊቱ በተሻለ ደመወዝ።

አመሻሽ ላይ አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች። አበባው እየፈካ ነበር።

«እማ፣ እንደገና ሁለት ሆነብኝ። የቱን?»

ብትቀር ደመወዙ አለ፣ ልጄም በየማታው ትመጣለች፣ በሬን ከውስጥ እዘጋለሁ። ብትሄድ ከሞተ ሰው ጋር ሄደች ይባላል፤ እኔም ምን ይዟት እንደሚሄድ በልቤ ገና አልቆረጥኩም ነበር። ነፋስ መጣ። ፍሬዎቹ ተንኳኩ። ኳ፣ ኳ። ስንት ዓመት ሰምቼዋለሁ፤ ስንት ጊዜ ተነስቼ ከፍቻለሁ፤ አንድም ቀን ሰው አልነበረም።

ኦቾላ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ ይጠብቃል። ያን ቀን ከመጣ ጀምሮ አንድ ጊዜ እንኳ ልግባ አላለኝም።

ተነሳሁ። ገጀራዬን አምጥቼ ከያጎው አጠገብ ያለውን ቅንጭብ መቁረጥ ጀመርኩ። ወተቱ ፈሰሰ፣ ዓይኔን አቃጠለኝ። ኦንዲቲ ከግቢው እየጮኸ መጣ።

«የወንድሜ ሚስት፣ አብደሻል? ምን እያደረግሽ ነው?»

«በበሩ አይግባ ብላችኋል» አልኩት። «በሩን ነካሁት?»

እኔ ሰው የሚያሳልፍ ያህል ስከፍት ገጀራውን ጣልኩና ኦቾላን እጁን ያዝኩት። ከመጣ ጀምሮ የነካሁት ያኔ ነው። ሞቃት ነበር። መዳፉ ላይ ገመድ የቆረጠው ጠባሳ አለ። በቀዳዳው አስገብቼ፣ በያጎው ሥር አሳልፌ፣ ቤቴ ውስጥ አስቀመጥኩት።

አዊኖ በር ላይ ቆማ ታየኛለች።

«እኔ ከፍሬ ጋር ኖሬያለሁ» አልኳት። «አንቺ ከሰው ጋር ኑሪ።»

አንገቴን አቅፋ አለቀሰች፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ ስታለቅስ ያየኋት ያን ቀን ነው። ከዚያ በጆሮዬ «አባዬስ?» አለችኝ።

«እሱን አሁንም አላውቅም፣ ልጄ። ከመጣ ግን በሩም አለ፣ ቀዳዳውም አለ።»

ማለዳ በዚያው በቀዳዳው ወጡ። ጥቁርና ነጩን ብረት ጣቢያው ሰጥቷቸው አዊኖ በጀርባዋ አዝላው ነበር። ኦቾላ ከመውጣቱ በፊት ወደ መቃብሩ ዞሮ እጅ ነሣ። «አባቴ፣ ልጅዎን ይዣት ነው» አለ። ጆሮዬን ሰጥቼ ጠበቅሁ። ምንም አልወደቀም።

አሁን የምትልክልኝን መልእክት ራሴ አነባለሁ። የከሰዓት ትምህርት ቤት ገብቼ ተምሬ ነው፤ ጎረቤት እንዳታነብልኝ ብዬ። የመጨረሻው እንዲህ ይላል፦ «እማ፣ እዚህ ውሃው አረንጓዴ ነው። ነጩ ቶሎ ይጠፋል። ኦቾላ ግን ገና ይታየኛል እያለ ይከራከረኛል።»

አጥሩን አልደፈንኩትም። አመሻሽ ላይ ንፋስ ሲመጣ ፍሬዎቹ ይንኳኳሉ። አሁን ተነስቼ አልከፍትም፤ ክፍት ነው። ኦንዲቲ ሲያልፍ ቀዳዳውን አይቶ ራሱን ይነቀንቃል።

አዊኖና ኦቾላ ሄዱ። እኔና ዛፉ ቀረን።